ግማሽ ደሞዛችንን የበላው ማነው? ስለ ኖርዌይ ግብር ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ኦስሎ የሚኖሩ አንድ ወገናችን የጻፉት ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲነጋገርበት ሰነበተ። እኔም አነበብኩት። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ኖርዌይ ሀብታም አገር ናት፣ ሠራተኛው ግን ድሃ ነው። ምክንያቱም ግማሽ ደሞዙን ግብር ይወስደዋል፤ የተረፈውን ደግሞ በቫት የተወደደ አስቤዛ ይጨርሰዋል። ነዳጅ ያለው መንግሥት ከደሞዝተኛ ግብር መሰብሰብ አልነበረበትም። አሜሪካ የሄዱት ተሻላቸው። ባለሀብቶቹም ይህንን አይተው አገር እየለቀቁ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ ምክር አለ፦ ወጣቶች ሳይመዘገብ በእጅ የሚከፈል ሥራ ካገኙ አይለፋቸው።

ብሶቱ ገብቶኛል። እዚህ አገር 14 ዓመት ኖሬያለሁ። የምሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። ወር ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ካርዴን ከመስጠቴ በፊት ሒሳቤን በስልኬ የማይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ኑሮ ተወደደ የሚለው ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ያወደደው ማነው የሚለው ላይ ነው። ጸሐፊው ጣታቸውን የቀሰሩት በግብር ላይ ነው። እኔ ደግሞ የተሳሳተ ሰው ላይ ጮኸናል እላለሁ።

ከግማሽ ደሞዝ ልጀምር። የወሬው ሁሉ መነሻ እሱ ነውና በደንብ እናስላው።

የ2024ን ሕግ እንውሰድ (ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዓመት 500,000 ክሮነር የሚያገኝ ሠራተኛ አለ እንበል። ከዚህ ላይ መጀመሪያ 104,450 ክሮነር በወጪ ስም ይቀነስለታል። ደረሰኝ አይጠየቅም። ቀጥሎ ለማንኛውም ሰው ከግብር ነጻ የሆነ 88,250 ክሮነር ይቀነሳል። የቀረው 307,300 ነው። ያ 22 በመቶ የሚባለው ዋናው ግብር የሚሰላው በዚህ ላይ ብቻ ነው፤ 67,606 ክሮነር ይሆናል። ከዚያ የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ይመጣል፤ ከሙሉው ደሞዝ 7.8 በመቶ፣ ማለትም 39,000። በመጨረሻ ገቢ ከፍ ሲል አብሮ ከፍ የሚለው የደረጃ ግብር አለ። ለዚህ ሰው 9,728 ክሮነር ገደማ ነው። ሦስቱን ስንደምር 116,334 ክሮነር ገደማ እናገኛለን።

ከ100 ክሮነር 23ቱ ማለት ነው። ሩብ እንኳ አይሞላም።

አንድ ሚሊዮን የሚያገኘው ሰውስ? በዚያው ስሌት 319,000 ክሮነር ገደማ ይከፍላል። ከ100 ክሮነር 32ቱ ነው። እውነት ነው፣ ወደ ግማሽ የሚጠጋ መጣኝ አለ፤ 47.4 በመቶ። እሱ ግን የሚነካው ከ1,350,000 ክሮነር በላይ ያለውን ገንዘብ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለውን አይነካም። እኔ ከማውቃቸው ጽዳት፣ ሹፌርነት፣ መጦሪያ ቤትና ወጥ ቤት ከሚሠሩ ወገኖች አንድም ሰው እዚያ ደረጃ ላይ የለም።

ታዲያ «ግማሹን ወሰዱብኝ» የሚለው ከየት መጣ? ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። በራሴ ላይ ደርሷል።

የመጀመሪያ ሥራዬ ማታ ማታ ቢሮ ማጽዳት ነበር። አንድ ወር ሙሉ ሠርቼ የደሞዝ ወረቀቱ ሲመጣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ከፈትኩት። ከላይ ያለው ቁጥርና ከታች ያለው ቁጥር አልገናኝ አለኝ። ልክ ግማሽ ነው። ከጀርባው ሌላ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። ባዶ ነው። በዚያች ማታ ይህ አገር አታሎኛል ብዬ ነው ቤት የገባሁት።

የሆነው ነገር ቀላል ነበር። ቀጣሪው ስንት በመቶ መቁረጥ እንዳለበት የሚነግረውን የግብር ካርድ አላወጣሁም ነበር። ካርዱ ከሌለ ቀጣሪው 50 በመቶ ቆርጦ እንዲያስቀር ሕጉ ያስገድደዋል። አለቃዬ ይህንን ያውቃል፤ ግን አንድ ቃል አልነገረኝም። አብራኝ የምትሠራ ታላቅ እህት የምትሆነኝ ሴት ናት ካርዱን እንዳወጣ ያሳየችኝ። በማግስቱ ወር ቆረጣው ወደ ትክክለኛው ወረደ። በብልጫ የተወሰደው ደግሞ የዓመቱ ግብር ሲተሳሰብ በበጋ ተመለሰልኝ። ግን ያቺን የፌርማታ ማታ የሚያወራ ሰው የበጋውን ተመላሽ አያወራም። ወሬው እንዲህ ግማሽ ሆኖ ቀረ።

ሌላም አለ። ሁለተኛ ሥራ የያዘ ሰው ከዚያኛው ሥራ የሚቆረጥበት ብዙ ጊዜ ከበድ ያለ ነው፤ ዋናው ሥራ ላይ ከግብር ነጻ የሆነው ገንዘብ ተቀንሶ አልቋልና። ትርፍ ሰዓት የሠራም ያው ነው። ያ ሁሉ ግን ጊዜያዊ ቆረጣ ነው። እውነተኛው ግብር የሚታወቀው በዓመቱ ማጠቃለያ ነው። በጸደይ የሚላክልንን የግብር ማሳወቂያ ስንቶቻችን ከፍተን እናነባለን? እስከ ሚያዝያ 30 ማስተካከል ይቻላል። የብድር ወለድ፣ የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ፣ ወደ ሥራ የሚደረግ ረጅም ጉዞ ሁሉም ያስቀንሳል። ሳይከፍቱት ቀርተው የራሳቸውን ገንዘብ የተዉ ሰዎች አውቃለሁ። ጸሐፊው አንባቢያቸውን ይህንን ቢነግሩት ስንቱን በጠቀሙት ነበር።

ሁለተኛው ነጥባቸው አስቤዛ ነው። ምግብ የተወደደው በቫት ነው ይላሉ።

መደበኛው ቫት 25 በመቶ ነው። ምግብ ላይ ግን 15 በመቶ ነው። ነገ መንግሥት ከምግብ ላይ ቫትን ጨርሶ ቢያነሳ 100 ክሮነር የነበረው ዕቃ 87 ይገባል። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ድሃውን ከሀብታሙ የበለጠ የሚጎዳውም ይኸው ቫት ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግን ሰው በስቪኔሱንድ በኩል ድንበር ተሻግሮ ስዊድን ድረስ ሄዶ ሥጋና አይብ ጭኖ የሚመጣው ለቫት ብሎ አይደለም። በስዊድን የምግብ ቫት ለብዙ ዓመታት 12 በመቶ ነበር። በ12ና በ15 መካከል ያለው ልዩነት የመኪናውን ነዳጅ አይሸፍንም።

ምክንያቱ ድንበሩ ላይ ነው። ኖርዌይ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። ገበሬዎቿን የምትጠብቀው በጉምሩክ ነው። ከውጭ የሚገባ ጠንካራ አይብ 277 በመቶ፣ የበሬ ሥጋ ብልቶች 344 በመቶ፣ የበግ ሥጋ 429 በመቶ ቀረጥ ሊጣልባቸው ይችላል። ይህ ደሞዛችን ላይ የሚጣል ግብር አይደለም። ከውጭ የሚመጣውን በር ላይ የሚያስቆም አጥር ነው። ለእርሻ የሚሆነው መሬት ከአገሪቱ 3 በመቶ ገደማ ነው፤ አጥሩ ባይኖር ብዙው ገበሬ ይዘጋል። ያንን መከራከር ይቻላል። ብቻ በስሙ እንጥራው።

ሁለተኛው ምክንያት ገበያው ነው። የአስቤዛውን ገበያ ከሞላ ጎደል ሦስት ድርጅቶች ይዘውታል፦ ኖርገስግሩፐን፣ ኮፕና ሬማ 1000። አማራጭ ሲያንስ ዋጋ አይወርድም። በዚያ ላይ ክሮነሩ ተዳክሟል። በ2013 አንድ ዶላር 6 ክሮነር አካባቢ ነበር፤ ከ2023 እስከ 2025 ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 በላይ ነበር። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ በዚያው ልክ ይወደዳል።

መብራትም እንዲሁ። ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ በደቡብ ኖርዌይ የመብራት ዋጋ የናረው ከአውሮፓ ገበያ ጋር በመያያዙ ነው። በሰሜን ያሉት ያን ያህል አልተነኩም። መንግሥት ድጎማ የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ደግሞ ለፈለገ ቤተሰብ በኪሎዋት ሰዓት 40 ኧረ (አንድ ኧረ የክሮነር መቶኛ ነው)፣ ከነቫቱ 50 ኧረ የሆነ ቋሚ ዋጋ አለ። ያ ሁሉ ድጎማ የተከፈለው ከየት ነው? ከዚያው ከተረገመው ግብር ካዝና።

አሁን ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ወዳለፉት፣ ለእኔ ግን ዋናው ወደሆነው ልምጣ። ቤት።

ከ500,000 ደሞዝ 116,000 ግብር ተከፍሎ የሚቀረው ገንዘብ የት ይሄዳል? ለብዙዎቻችን ትልቁ ቁራጭ የሚሄደው ለቤት ነው። ቤት የገዛውን እንይ። ባንክ የሚያበድረው ቢበዛ የዓመት ገቢን አምስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ሰውየው 2,500,000 ክሮነር ተበደረ። የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ ዋና ወለድ እስከ መስከረም 2021 ዜሮ ነበር። በታኅሣሥ 2023 4.5 በመቶ ደረሰ። እዚህ አገር ብዙው የቤት ብድር ተለዋዋጭ ወለድ ነው፤ ከላይ ሲነሳ ወዲያው እኛ ጋ ይደርሳል። የሰውየው ወለድ 4 በመቶ ጨመረ ብንል በዓመት 100,000 ክሮነር ተጨማሪ ወጪ መጣበት። 22 በመቶው በግብር ይካካስለታል። ከኪሱ የሚወጣው 78,000 ነው፤ በወር 6,500። በእነዚያው ዓመታት ዋናው የግብር መጣኝ 22 በመቶ እንደሆነ ነው የቀረው። ከ2019 ጀምሮ አልተነካም። እንዲያውም በ2013 28 በመቶ ነበር። ኑሮ እንዲህ ያናወጠው ሰው ግብርን ሲረግም እሰማለሁ፤ ያናወጠው ግን ወለዱ ነው።

ተከራዩስ? እኔ አምስት ዓመት የኖርኩት ምድር ቤት ነው። መስኮቱ በመሬት ልክ ነበር። ክረምት ላይ በረዶ ሲጠረግ የሚገፋው በረዶ መስኮቴን ይደፍነዋል፤ ጠዋት ተነስቼ መንጋቱን የማውቀው በስልክ ነው። ከደሞዜ ሲሦ በላይ የሚሆነውን ኪራይ በየወሩ ለላይኛው ፎቅ ባለቤት አስገባለሁ። እሳቸው ግን በዚያ ገንዘብ ላይ ግብር አይከፍሉም። ሕጉ ነው። ሰው ራሱ ከሚኖርበት ቤት ከግማሽ ያልበለጠውን ቢያከራይ የኪራይ ገቢው ከግብር ነጻ ነው። እኔ ለከፈልኩት ኪራይ ከግብር የሚቀነስልኝ ነገር የለም። እሳቸው ለሚከፍሉት ወለድ ግን 22 በመቶ ይቀነስላቸዋል። ቤቱን ሲሸጡም ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ አንድ ዓመት ከኖሩበት በትርፉ ላይ ግብር የለም። የሀብት ግብር ሲሰላም የሚኖሩበት ቤት የሚቆጠረው በገበያ ዋጋው ሩብ ነው፤ በጣም ውድ ካልሆነ በቀር።

ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። በበዓል ኬክ ያወርዱልኝ ነበር። ግን ጽሑፉ ላይ ለማየት የጠበቅሁት ይህንን ነው። ግብሩ በዛ ወይ አነሰ ሳይሆን ለማን ያደላል የሚለውን። ቤት ላለው ያደላል። ቤት ለሌለው፣ ለአዲስ መጤውና ለወጣቱ ፊቱን ያዞራል። በዚህ ጉዳይ ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እጮኻለሁ። ለጊዜው ደግሞ መንገድ ለሚፈልግ ሰው፦ ባንክ እምቢ ያለው ቤተሰብ በኮሙነው (በማዘጋጃ ቤቱ) በኩል ሁስባንከን ከሚባለው የመንግሥት የቤት ባንክ የሚመጣ የመነሻ ብድር መጠየቅ ይችላል። ብዙ ሰው መኖሩን አያውቅም።

ነዳጅ አለ፣ ግብር ለምን አስፈለገ? ይህ ጥያቄ ከልቤ ደስ ይለኛል፤ መልሱ የሚያምር ታሪክ ነውና።

በ1968 ፋሩቅ አል-ቃሲም የሚባሉ ኢራቃዊ የነዳጅ ጂኦሎጂስት ወደ ኖርዌይ መጡ። ሚስታቸው ኖርዌያዊት ናቸው። የመጡት ለሥራ አልነበረም። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ትንሹ ልጃቸው እዚህ ሕክምና እንዲያገኝ ነው። ሥራ ፍለጋ ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ሄደው በር አንኳኩ። በቀጣዩ ዓመት ኤኮፊስክ በተባለ የባሕር ላይ ቦታ ነዳጅ ተገኘ። እኚህ ስደተኛ የአገሪቱን የነዳጅ አስተዳደር ካቀዱት ሰዎች አንዱ ሆኑ። አገሪቱ የነዳጅ ኩባንያዎቹን አሳምራ አሠራቻቸው፣ ግን 78 በመቶ ግብር ጣለችባቸው። መንግሥትም ከነዳጅ ማውጫ ቦታዎቹ ላይ የራሱን ድርሻ ያዘ። የነዳጁ ገንዘብ የሚጠራቀምበት ፈንድ በ1990 በሕግ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ገንዘብ የገባው በ1996 ነው። በ2024 መጨረሻ 19,742 ቢሊዮን ክሮነር ደርሷል። ለእያንዳንዱ ነዋሪ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው።

እንግዲህ ፈንዱ ራሱ የግብር ልጅ ነው። ከባድ ግብር ባይጣል ኖሮ ያ ገንዘብ የኩባንያዎቹ ባለ አክሲዮኖች ኪስ ውስጥ ነበር።

ለምን አይበላም? ይበላል እኮ። ከመንግሥት ወጪ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሚሆነው ከፈንዱ ነው የሚመጣው። ግን በልክ። በ2001 በዓመት ከፈንዱ 4 በመቶ ገደማ እንዲወጣ ተወሰነ፤ በ2017 ወደ 3 በመቶ ዝቅ አለ። ዋናው ገንዘብ ሳይነካ ትርፉ ብቻ እንዲበላ ነው። የኛንም ግብር ፈንዱ ይክፈልልን ካልን ዛሬ መጦሪያ ቤት የምንሠራው ሰዎች ስናረጅ የሚጠብቀን ባዶ ጎተራ ይሆናል።

ስለ አሜሪካ። ጸሐፊው እዚያ ያሉ ዘመዶቻቸው በእጃቸው የሚገባው ገንዘብ ይበልጣል ይላሉ። ለሐኪም፣ ለኢንጂነር፣ ለሶፍትዌር ባለሙያ እውነት ነው። ለኛ ግን ከእጅ የሚወጣውም መቆጠር አለበት።

አንዲት ባልደረባዬ አንድ አዛውንት ከአልጋ ወደ ወንበር ስታዛውር ወገቧ ተቀጨ። ስምንት ወር ቤት ተኛች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሙሉ ደሞዟ ገባ። የመጀመሪያዎቹን 16 ቀናት ቀጣሪው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ናቭ የሚባለው የመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ከፈለ። ይህ እስከ አንድ ዓመት ድረስ የሚሠራ ሕግ ነው። ሐኪም ቤት ስትመላለስ ድርሻዋን ከፈለች፤ የዓመቱ ጣሪያ ሲሞላ ግን የቀረው ነጻ ሆነ። በ2025 ጣሪያው 3,278 ክሮነር ነበር። ልጆቿ ከ16 ዓመት በታች ስለሆኑ ጠቅላላ ሐኪም ጋ ሲሄዱ አይከፍሉም። ትንሹ ልጇ የሚውልበት መዋያ ደግሞ በ2023 በወር 3,000 ክሮነር ነበር፤ ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ከ1,200 አይበልጥም።

በአሜሪካ የ1993ቱ የፌዴራል ሕግ ለወለደች እናት የሚሰጠው የ12 ሳምንት ፈቃድ ነው፤ ያውም ያለ ክፍያ፣ ያውም ለሁሉም ሠራተኛ አይደለም። እዚህ ሁለቱ ወላጆች በሙሉ ክፍያ የሚካፈሉት 49 ሳምንት ነው፤ 15ቱ ሳምንት የአባትየው ብቻ ነው። ይህንን በዶላር ለመግዛት ስንት እንደሚያስፈልግ ዘመዶቻቸውን ይጠይቁልኝ።

ጉድለት የለም አልልም። የአዋቂ ጥርስ ሕክምና በአብዛኛው ከኪስ ነው። አንድ የጥርስ ሥር ሕክምና የወር በጀት ሲያፈርስ አይቻለሁ። ጥርስ ከአካል ተለይቶ ለምን እንደቀረ እስካሁን አጥጋቢ ምክንያት የሰጠኝ ሰው የለም።

ባለሀብቶች ወጡ ስለሚለው ብዙ አልልም። እውነት ነው፣ በ2022 ቢሊየነሩ ሼል ኢንገ ሮከ ወደ ስዊዘርላንድ ሉጋኖ ሄደዋል፣ ሌሎችም ሄደዋል። የሚያከራክረው በ20 ሚሊዮን ክሮነር አካባቢ ወደ 1.1 በመቶ የሚያድገው የሀብት ግብር ነው። ይከራከሩበት። የኛን የወር ወጪ ግን አንድ ክሮነር አይቀይረውም።

አሁን ወደ ምክሩ። ዝም ማለት ያቃተኝም በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይመዘገብ በእጅ የሚከፈል ሥራ፣ እዚህ «ስቫርት» የምንለው፣ ለወጣቶች ይሻላል ተባለ። መኪና እጥበት ሁለት ዓመት እንዲህ የሠራ አንድ ወንድሜ የምለው ልጅ አውቃለሁ። በወር የሚገባው ገንዘብ ከኔ ይበልጥ ነበር። ያኔ እኔን ሞኝ ይለኝ ነበር። ከዚያ ሚስቱን ለማምጣት አመለከተ። የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የሚጠይቀው የወደፊት ገቢን ብቻ አይደለም፤ ያለፈውን ዓመት ገቢ በግብር ማጠቃለያ አሳይ ይላል። የሱ ማጠቃለያ ላይ ያለው ቁጥር ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ላብና ውሃ ሆኖ የሠራባቸው ሁለት ዓመታት በወረቀት ላይ የሉም። ማመልከቻው ወደቀ። አዲስ ሥራ ፈልጎ፣ ሙሉ ዓመት ተመዝግቦ ሠርቶ፣ እንደገና አመለከተ። ሚስቱና ልጁ የመጡት ልጅቷ አራት ዓመት ሊሞላት ሲል ነው።

ይህ አንዱ ነው። ያልተመዘገበ ገቢ ሲታመሙ አይቆጠርም። ከሥራ ሲወጡ አይቆጠርም፤ የሥራ አጥ ክፍያ የሚሰላው በተመዘገበ ደሞዝ ነው። ባንክ ብድር ሲጠየቅ አይቆጠርም። ቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ ራስህን ችለሃል ወይ ሲባል፣ አይቆጠርም። ጡረታም አለ። ሕጉ ከእያንዳንዱ የተመዘገበ ደሞዝ 18.1 በመቶውን በጡረታ መብትነት በስማችን ያስመዘግባል። ለዚያ ለ500,000ው ሠራተኛ በዓመት 90,500 ክሮነር ነው። ከከፈለው ግብር ጋር አነጻጽሩት። የግብሩን ሦስት አራተኛ የሚያህል መብት በስሙ ተጽፎለታል ማለት ነው። ስቫርት የሠራው ልጅ ስም ላይ ምንም አልተጻፈም።

እኔ የማታ ተረኛ ሆኜ የማያቸው አዛውንቶች በሙሉ የዚያ መዝገብ ውጤት ናቸው። ዓሣ ፋብሪካ የሠራችው፣ ትራም የነዳው፣ ሁሉም።

ጸሐፊውን የምለምናቸው አንድ ነገር ነው። ስለ ቫት፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ኪራይ የጻፉትን እንከራከርበታለን፤ በብዙው አብረንም ልንቆም እንችላለን። ያቺን የመጨረሻዋን ምክር ግን ከጽሑፉ ያንሷት። ቋንቋውን ገና ያልለመደ፣ ሕጉን የሚነግረው ሰው የሌለው የ20 ዓመት ልጅ እሳቸውን አምኖ ያነባታል።